ወደ ሐጂያ ቤት የሄደው ውሃ

ድሬዳዋ ውስጥ ምድር ቤት ያለው ቤት ብዙ የለም። የኛ ግን አለው። ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ ከደቻቱ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ፣ ድሮ ለባቡር ሠራተኞች ከተሠሩት ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ካላቸው ቤቶች አንዱ ነው። መጀመሪያ አንድ ሰፊ ቤት ነበር ይባላል፤ በኋላ መሃሉ ላይ ግንብ ገብቶበት ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ የአባቴ ሆነ። ሌላውን ግማሽ አንድ የሶማሊ ነጋዴ ገዛው፤ እሱ ሲሞት ሚስቱ ቀረችበት። መካ ደርሳ ስለመጣች ሰፈሩ በሙሉ ሐጂያ ነው የሚላት። እኛም ሐጂያ ነው የምንላት።

አባቴ የባቡር መካኒክ ነበር። ጡረታ ከወጣ፣ እናቴም ካረፈች በኋላ ምድር ቤቱን የራሱ ክፍል አደረገው። ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም። ግንቦትና ሰኔ ላይ ቆርቆሮው ሲግል ላይኛው ቤት ውስጥ መቀመጥ አይቻልም። ቬንትሌተሩ የሚያዞረው ያንኑ ትኩስ አየር ነው፤ አንሶላው ራሱ ይፋጃል። ታች ግን ሌላ አገር ነው። ደረጃውን ስትወርዱ ቅዝቃዜው መጀመሪያ ቁርጭምጭሚታችሁን ይይዛችኋል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። አባቴ ምሳውን በልቶ፣ የውሃ ጆጉንና ትንሿን ሬዲዮኑን ይዞ፣ ጫቱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ይወርዳል። የሚወጣው ፀሐይዋ ስትበርድ ነው።

ሐጂያም በወዲያኛው በኩል እንደዚሁ ታደርጋለች። ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ ልጇ የምትሠራበት የልብስና የጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ ትርፉ ዕቃ የሚቀመጠው በሐጂያ ምድር ቤት ነው። እሷም በጨርቅ ጥቅሎቹ መሃል ፍራሽ ዘርግታ የቀኑን ሙቀት ታሳልፋለች። ሁለቱን ምድር ቤቶች በሚለየው ግድግዳ ላይ፣ ከጣሪያው ዝቅ ብሎ፣ አንድ የአየር ቀዳዳ ነበር። ሰው አያሳይም፤ ድምፅ ግን ያሳልፋል።

«ሙሴ! ተኝተሃል?» ትላለች።

«ተኝቼ ነበር። አንቺ መቼ ታስተኚኛለሽ።»

ሙሴ፣ በፈረንሳይኛ አቶ እንደማለት፣ የምትለው አባቴ የባቡር ቤቱን ፈረንሳይኛ በወሬው መሃል ጣል ስለሚያደርግ ነው። እሷ ስትናደድ በሶማሊኛ፣ ስትቀልድ በኦሮምኛ፣ ነገር ስታጠብቅ ደግሞ በአማርኛ ነው የምታወራው። ቀፊራ ገበያ ላይ ሽንኩርት ስንት እንደገባ ይከራከራሉ። ማን እንደሞተ ይነጋገራሉ፤ የሞተው ሰውዬ እውነት ደግ ነበር ወይስ ስለሞተ ነው ደግ የተባለው የሚለውን ያነሳሉ፤ ይጥላሉ። ከሥራ ስመለስ አንዳንድ ቀን ደረጃው አናት ላይ ቆሜ እሰማቸዋለሁ። አባቴ እንቅልፍ ወስዶት ሐጂያ ብቻዋን የምታወራበት ጊዜም ነበር፤ መልስ ስታጣ ትስቅና ዝም ትላለች።

እኔ በአንድ ትምህርት ቤት ሒሳብ ክፍል ነው የምሠራው። ትዳሬ ሲፈርስ ወደ አባቴ ቤት ተመለስኩ። ወንድሜ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። ስለዚህ ቤቱን የሚመለከት ነገር ሁሉ የኔና የአባቴ ጣጣ ነው።

ነገሩ በእርጥበት ጀመረ። መጀመሪያ ከግድግዳው ሥር ነጭ፣ ጨው የሚመስል ዱቄት ወጣ። ስንጠርገው ተመልሶ ይመጣል። ቀጥሎ ልስኑ እየላላ በእጅ ሲነኩት እየተፈረፈረ ይወርድ ጀመር። በክረምቱ፣ ደቻቱ ደጋግሞ ሲሞላ፣ በወለሉ ጥግ በኩል ውሃ ብቅ አለ። ብዙ አልነበረም፤ በጨርቅ የሚጨመቅ፣ በባልዲ የሚወጣ ነው። በሐጂያም በኩል እንደዚያው ነበር። ጠዋት ጠዋት ባልዲ ይዘን ስንወጣ በረንዳ ላይ እንገናኛለን።

«ያንቺ ስንት ሞላ?» ትለኛለች።

«ግማሽ።»

«የኔም ግማሽ። አልሐምዱሊላህ፣ እኩል ነን!»

የአባቴ ሳል ባይኖር ኖሮ እንደዚያው እየጨመቅን እንኖር ነበር። ሳሉ ግን ከእርጥበቱ ጋር አብሮ ጠና። ሐኪሙ ደረቱን አዳምጦ «እዚያ ቤት መዋል ያቁም፣ አለዚያም ቤቱ ይድረቅ» አለ። አባቴ የሰማው ሁለተኛውን ብቻ ነው።

ኮንትራክተሩን የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ምድር ቤትና የውሃ ማጠራቀሚያ የሚያሽግ፣ ሁርሶ ድረስ እየተጠራ የሚሠራ ሰው ነው አለችኝ። ቅዳሜ ጠዋት በነጭ ፒካፕ መጣ። አርባዎቹን የተሻገረ፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ፣ ፊቱ ሁሉ ፈገግታ የሆነ ሰው ነው። ታች ወርዶ ግድግዳውን በመኪናው ቁልፍ እየቆረቆረ፣ ጆሮውን እያስጠጋ ዞረው።

«እርስዎ እዚህ ነው የሚያርፉት አባባ?» አለ።

«አዎ» አለ አባቴ።

«እንዴት ያለ ቤት አለዎት! የጥንት ሰው ሥራ እኮ ነው። ግድግዳዎ አልሞተም፤ ታሟል እንጂ። እኛ እናድነዋለን።»

አፉ ጤፍ ይቆላል። አሮጌው ልስን ይነሳል፣ ድንጋዩ በኬሚካል ይታጠባል፣ ሬንጅ ይቀባል፣ በላዩ ላይ ውሃ የማያሳልፍ ሲሚንቶ ይለሰናል፣ ወለሉም እንደዚያው። ከዚያ በኋላ ደቻቱ ራሱ ቢመጣ ጠብታ አይገባም አለ። የማውቀው ነገር ስላልነበረ ራሴን እየነቀነቅኩ ሰማሁት። አባቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሲያዳምጥ ቆየና፣

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለው። «ይሄ ውሃ ከደቻቱ በኩል ነው የሚመጣው። በኔ ግድግዳ እንዳይገባ ዘጋኸው እንበል። ከዚያስ ወዴት ይሄዳል?»

ኮንትራክተሩ ከልቡ ሳቀ። «አባባ፣ የሚሄድበትን ውሃው ይወቅ! የኛ ሥራ እርስዎ ጋ እንዳይመጣ ማድረግ ነው።»

እኔም አብሬው ሳቅኩ። አባቴ አልሳቀም። ሰውዬው ከሄደ በኋላ ደረጃው ላይ ቆሞ፣ «ይሄ ሰው የት ነው ያደገው?» አለኝ።

«ሳቢያን ነው አለ። እዚሁ ነው የተወለደው።»

«ሁሉ አንተ በሚባባልበት ድሬ ተወልዶ አንቱ የሚል ሰው የሆነ ነገር ይፈልጋል።»

«ጨዋ ቢሆንስ?»

«ጨዋ ሰው አንተ ይላል» አለና ወጣ።

ሥራው ተጀመረ። ሠራተኞቹ ግድግዳውን ሲፍቁ አቧራው በደረጃው እየወጣ ላይኛውን ቤት ሞላው። አባቴ ግቢው ውስጥ ካለችው የኒም ዛፍ ሥር ወንበር ዘርግቶ ይውላል። ኮንትራክተሩ ጠዋት ብቅ ይላል፤ ትንሽ ያዝዛል፤ ይሄዳል። ገንዘቡን ገና ሥራው ሳይጋመስ ጠቅልሎ ወሰደ፤ የኬሚካል ዋጋ ነገ ይጨምራል ብሎ አጣድፎኝ ነው።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ አባቴ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ «ዘጉት» አለኝ።

«ምኑን?»

«ቀዳዳውን።»

ወርጄ አየሁት። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ጥቁር ሬንጅ ተቀብቷል፤ የአየር ቀዳዳው የነበረበት ቦታ በሲሚንቶ ተደፍኖ ከሌላው አይለይም። ለኮንትራክተሩ ስልክ ደወልኩ።

«እህቴ፣ ቀዳዳ እየተወ የሚሠራ ሰው ውሃ እከላከላለሁ ማለት አይችልም» አለኝ ረጋ ብሎ። «ዋስትና የምሰጥሽ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ነው።»

«አባቴን መጠየቅ ነበረብህ እኮ። የሱ ክፍል ነው።»

«ልክ ነሽ። ይቅርታ ጠይቂልኝ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ይረዱኛል።»

በማግሥቱ ሐጂያ በበራችን መጣች። «ሙሴ፣ ምን አድርጌህ ነው?» አለች እየሳቀች። «በሰላም ወሬ እያወራሁ ፊትህን ዘጋህብኝ?» አባቴ ስለ ሳሉ ነገራት። «አላህ ያሽርህ፣ ጤና ይቅደም» አለች። ከዚያ በኋላ ጥቂት ቀን በረንዳው ላይ እየተገናኙ ለማውራት ሞከሩ፤ ግን ከቀትር በኋላ በድሬዳዋ በረንዳ ላይ ማን ይቀመጣል? እሷ ወደ ምድር ቤቷ ወረደች። አባቴ የሬንጁ ሽታ እስኪለቅ ድረስ ብዙ ሳምንት ላይኛው ቤት ቆየ። ሽታው ሲቀንስ ወረደ። ቤቱ ደረቅ ነበር። ግን ይታፈን ነበር። ቅዝቃዜው እንዳለ ነው፤ አየሩ ግን አይንቀሳቀስም። አባቴ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጎ ይከፍታል፤ ቶሎም ይወጣል።

የበልጉ ዝናብ መጣና ሄደ። ጠብታ አልገባም። ጨው የሚመስለው ዱቄት ጠፋ። የአባቴ ሳልም ቀለል አለ። ደስ ብሎኝ ባልደረባዬን ምሳ ጋበዝኳት።

ከዚያ ክረምት ገባ። አንድ ሌሊት በሐረር ተራሮች በኩል ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ ነበር። የድሬዳዋ ሰው እንደሚያውቀው እኛ ዘንድ ሳይዘንብም ጎርፉ ከላይ ይመጣል። ጠዋት ለሥራ ስዘጋጅ የሐጂያን ድምፅ ሰማሁ። ቃሉን መለየት አልቻልኩም፤ ሶማሊኛ ነው። ሮጬ በበሯ ገባሁ።

ምድር ቤቷ ውስጥ ውሃው እስከ ጉልበት ደርሷል። ልጇ ቀሚሷን ሰብስባ የጨርቅ ጥቅል እየጎተተች ታወጣለች። ለሰርግ ወቅት ያስገቡት ጨርቅ ነው። ቀይ ቀለም የለቀቁት ሻሾች ውሃውን ደም አስመስለውታል፤ ነጩ ጨርቅ ሁሉ በዚያ ውስጥ ተነክሯል። እኔም ገብቼ መጎተት ጀመርኩ። እርጥብ ጨርቅ እንዴት እንደሚከብድ ያኔ ነው የገባኝ። ሰው ተጠርቶ መጣ፣ ባልዲ ተቀባበልን። ሐጂያ ደረጃው አናት ላይ ቆማ የሚወጣውን ጥቅል አንድ በአንድ ትዳስሳለች።

ወደ መጨረሻው ላይ፣ «የናንተስ?» አለችኝ።

መዋሸት አልቻልኩም። «ደረቅ ነው» አልኳት።

በእጇ የያዘችውን ጨርቅ ጣል አድርጋ ወደኛ ቤት ሄደች። ተከተልኳት። ያንን ሁሉ ዓመት ጎረቤት ሆና የኛን ምድር ቤት በዓይኗ አይታው የምታውቅ አይመስለኝም። ቀስ ብላ ወረደች። ወለሉን በእግሯ ነካች። ግድግዳውን ቀዳዳው በነበረበት በኩል በመዳፏ ደገፍ ብላ ቆየች።

«ደረቅ ነው» አለች፤ በአማርኛ።

አባቴ ከላይ እየወረደ ነበር። «ሐጂያ፣ ወላሂ እንዲህ ይሆናል ብለን—»

«ይሄን ሁሉ ዓመት ውሃውን እኩል ስንካፈል ኖርን» አለች። «እኔ ግማሽ ባልዲ፣ እናንተ ግማሽ ባልዲ። አሁን ድርሻችሁንም ለኔ ላካችሁት።»

«አላወቅንም ሐጂያ» አልኩ።

«አንቺ አታውቂም። ልጅ ነሽ፤ የቢሮ ሰው ነሽ።» ወደ አባቴ ዞረች። «አንተ ግን ታውቃለህ ሙሴ። መካኒክ ነህ። ውሃና እሳት ሲያበስልህ የኖረ ሰው ነህ።»

ይህን ብላ ደረጃውን ወጣች።

በዚያው ቀን ለኮንትራክተሩ ደወልኩ። ድምፁ እንደ ሁልጊዜው ለስላሳ ነው።

«የናንተ ቤት ገባ?»

«አልገባም።»

«ታዲያ! ሥራዬን ሠርቻለሁ ማለት ነው። የጎረቤታችሁ ቤት በውላችን ውስጥ የለም እኮ እህቴ። ከፈለጉ የሳቸውንም እሠራላቸዋለሁ፤ ለጎረቤት ቅናሽ አለን።»

የቀለደ መስሎኝ ነበር። ግን ሳይነግረኝ በሳምንቱ መጥቶ የሐጂያን በር አንኳኳ። ጨርቋን አጥር ላይ አስጥታ ነበር፤ ቀለሙ የተዘበራረቀ ሻሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰቅሏል። እሱ በዚያ መሃል ቆሞ ስለ ሬንጅና ስለ ኬሚካል አስረዳት። ጫማዋን አውልቃ እስከ መኪናው ድረስ አባረረችው አሉኝ። ወሬውን የነገረችኝ ልጇ ናት፤ ስትነግረኝ ግን አልሳቀችም። «እናቴ ከሱ ጋር መክራችሁ የላካችሁት መስሏታል» አለችኝ።

የኛም ግድግዳ ብዙ አልቆየም። ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ላይ ልስኑ በየቦታው እየተነፋ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ውሃ ቋጠረ። አንድ ቀን ከቀትር በፊት ከታች ድብ የሚል ድምፅ ሰማን። ሰፊ የልስን ገበታ ከግድግዳው ተገንጥሎ የአባቴ አልጋ ላይ ወድቋል። አባቴ ያኔ ሰዓቱ ስላልደረሰ ላይ ነበር። ከልስኑ ኋላ የሚታየው ድንጋይ ያብረቀርቃል፤ በድንጋዮቹ መሃል ያለው አሮጌ ኖራ ጭቃ ሆኗል። ለካ ውሃው ወደ ሐጂያ ብቻ አልሄደም። የቀረው ግድግዳው ሆድ ውስጥ ተዘግቶበት ኖሯል።

ኮንትራክተሩ አንድ ጊዜ መጣ። «ምድሩ ነው» አለ። «እንዲህ ያለ ምድር አይቼ አላውቅም።» የወደቀውን ቦታ ሲሚንቶ አስመርጎበት ሄደ። ሲሚንቶውም ወደቀ። ከዚያ በኋላ ስልኬን ማንሳት ተወ።

አባቴ ክስ አልፈለገም። በእድራችን ሽማግሌዎች በኩል አስጠራነው። ይቀራል ብዬ ነበር፤ መጣ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግቢያችን ውስጥ ኒሟ ሥር ተቀመጥን። ሽማግሌዎቹ ሐጂያንም እንድትገኝ ልከውባት ነበር። መልሷን ልጇ ይዛ መጣች፦ «እናቴ፣ ከሙሴ ጋር ጠብም የለኝ፣ ወሬም የለኝ ብላለች።»

ኮንትራክተሩ ነጭ ለብሷል። ገና ከመቀመጡ ተነስቶ አባቴ እግር ሥር ተንበረከከና ጉልበቱን ሳመ። «አባባ፣ አጥፍቼ ከሆነ እኔ ልጅዎ ነኝ፤ ይቅጡኝ። ጎርፍ ግን የእግዚአብሔር ነው። እኔ ምን አቅም አለኝ?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው «እንግዲህ ልጁ አጥፍቼ ከሆነ ብሏል» አለ።

«‹ከሆነ› ምን ማለት ነው?» አልኩ። «ግድግዳው ያውላችሁ፤ ታች ነው ያለው። ውረዱና እዩት።»

ማንም አልተነሳም። አንዱ ጉልበቱን እንደሚያመው ተናገረ። ሌላው «ልጄ፣ ረጋ በይ፤ አባትሽ ባሉበት» አለኝ። ኮንትራክተሩ እንደተንበረከከ ነው፤ ሱሪው ላይ አፈር ነክቶታል፤ አያራግፈውም።

አባቴ ጥቂት አየውና፣ «ተነስ ልጄ» አለ። «ምሬሃለሁ።»

አጨበጨቡ። ኮንትራክተሩ የሁሉንም ጉልበት እየዞረ ሳመ። ሰኞ ሠራተኛ ይዞ እንደሚመጣ፣ ግድግዳውን እንደ አዲስ እንደሚሠራ በሽማግሌዎቹ ፊት ቃል ገባ። ያ ሰኞ አልመጣም፤ ሌላውም ሰኞ አልመጣም።

ሰዎቹ ከወጡ በኋላ ሳህን እያነሳሁ አባቴን ጮህኩበት ማለት ይቻላል። «ለምን ማርከው? ምን ሠራና?»

«ጉልበቴን ሲስም ምን ልበለው?» አለኝ። «ሽማግሌ ፊት ጉልበቱን የሳመውን ሰው አልምርም ያለ፣ ጥፋተኛው እሱ ይሆናል። ሰውዬው ይህን ያውቃል። ግድግዳ ባያውቅም ይህን ያውቃል።» ከዚያ አንድ ሳህን አቀበለኝና፣ «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» አለ፤ ለኔ ይሁን ለራሱ እንጃ።

የሚቀጥለው ዝናብ ሳይመጣ የጋራው ግድግዳ ተሰነጠቀ። ስንጥቁ ከምድር ቤቱ ተነስቶ በላይኛው ቤት በኩል እስከ መስኮቱ ሥር ወጣ። ከማዘጋጃ ቤት አንዲት መሐንዲስ መጥታ ሁለቱንም ቤት አየች። ድንጋዩን የያዘው ኖራ ውሃ ተዘግቶበት ስለሟሟ ግድግዳው ሸክሙን አይችልም አለች። ሁለቱም ምድር ቤቶች በአሸዋና በድንጋይ ካልተሞሉ ላይኛው ቤት ይወርዳል። ሌላ መፍትሔ እንዳለ ደጋግሜ ጠየቅኋት። ግድግዳውን አፍርሶ ከመሠረቱ እንደ አዲስ ከማስነሳት በቀር ሌላ የለም አለች፤ የሱን ወጪ ደግሞ ሁለታችንም አንችልም።

ሐጂያ በልጇ በኩል ተስማማች። አሸዋው የመጣው ከደቻቱ ነው። ከባዱ መኪና በጠባቡ መንገዳችን እየተጋፋ ገብቶ ግቢያችን ውስጥ ገለበጠው፤ ሠራተኞቹ በባሬላ እየሞሉ በደረጃው በኩል ያወርዱት ጀመር። ከዚያ በፊት የአባቴን አልጋ አውጥተናል፤ እንጨቱ ሻግቶ ስለነበረ ለማገዶ ተሰጠ። አባቴ ወንበሩን አምጪልኝ አለኝና በረንዳው ላይ ተቀምጦ ያይ ጀመር። እንዳያይ ፈልጌ ነበር፤ እምቢ አለ። መጀመሪያ አሸዋው ሲወርድ ድምፁ ከሩቅ ይሰማ ነበር። ወደ ማታው እየቀረበ መጣ። የመጨረሻዎቹ ደረጃዎች ሲደፈኑ ድምፅም አልነበረው።

ሐጂያ በሯ ላይ ቆማ ነበር። በሷ በኩል በማግሥቱ ነው የሚሞላው። ፀሐይዋ ወደ በረንዳችን ዞራ አባቴን ፊቱ ላይ መታችው፤ እሱ ግን አልተንቀሳቀሰም።

«ሙሴ» አለች። «ፀሐይ ላይ አትቀመጥ።»

አባቴ ቀና ብሎ አያት። እጁን ከፍ አደረገላት። እሷም ገብታ በሯን ዘጋች። ከዚያ ቀን በኋላ ሲነጋገሩ አልሰማሁም። ወሩ ሳያልቅ ቤቷን አከራይታ ሳቢያን ልጇ ጋ ገባች። ተከራዮቹ ደግ ሰዎች ናቸው፤ ስንገናኝ ሰላምታ እንለዋወጣለን።

ግንቦት ሲገባ አባቴ ላይኛው ቤት ውስጥ መቋቋም አልቻለም። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ መሬቱ ላይ ውሃ አፍስሶ እዚያው ላይ ተኝቶ አገኘሁት። ወንድሜ መጥቶ አዲስ አበባ ወሰደው። ለሙቀቱ ወራት ብቻ ነበር የተባለው። እስካሁን እዚያው ነው። ብርዱ አልተስማማውም፤ ሳሉ ተመልሶበታል። ስደውልለት መጀመሪያ የሚጠይቀኝ፣ «ዛሬስ እንዴት ነው፣ ይሞቃል?» ብሎ ነው። በጣም ይሞቃል እለዋለሁ። እዚያ የሚያወራው ሰው እንዳለ ስጠይቀው፣ «ቴሌቪዥን አለ» ይለኛል።

ቤቱ አሁን አይናወጥም። ስንጥቁ ቆሟል። አንዳንዴ ወለሉ ላይ በባዶ እግሬ ስሄድ ሙቀቱ ይሰማኛል፤ ከሥሬ ያለው ክፍት ቦታ ሳይሆን አፈር መሆኑን እግሬ ያውቀዋል።

ባለፈው ሳምንት ቢሮ ተቀምጬ የማላውቀው ቁጥር ደወለልኝ። ሴት ናት። ሰላምታ ካቀረበች በኋላ፣ «ስልክሽን የሰጠኝ ኮንትራክተሩ ነው» አለችኝ። «የምድር ቤታችሁን ሥራ እሱ እንደሠራው ነገረኝ። እኛም ከሱቃችን ሥር መጋዘን አለን፤ ውሃ እያስገባ አስቸገረን። ሥራው እንዴት ነው፣ ጥሩ ነው?»

የሰማሁትን ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ሬንጁ፣ ስለ ተዘጋው ቀዳዳ፣ ስለ ሐጂያ ጨርቅ፣ ስለ ሽማግሌዎቹ፣ ስለ አሸዋው። ሥራዬን ትቼ ኮሪደር ላይ ቆሜ ብዙ አወራሁ። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ስጨርስ በሷ በኩል ከሩቅ የመዶሻ ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

«ትናንት ጀምሯል» አለችኝ ቀስ ብላ። «አሮጌውን ልስን አንስተውታል። ገንዘቡንም ሰጥተነዋል።»

«ከጎናችሁ ያለው መጋዘን የማን ነው?» አልኳት።

«የወንድሜ።»

«እንግዲያው ዛሬውኑ ሄደሽ ንገሪው።»

«ከሱ ጋር አንነጋገርም» አለችኝ። አመሰግናለሁ ብላ ስልኩን ዘጋችው።